የአሮጊቷ አረንጓዴ በር

መኪናዋን የገዛኋት ሱቁ ተወርሶበት ወደ አገሩ ሊመለስ ሻንጣውን ካሰረ አንድ ፈረንጅ ነው። ሰውየው ቁልፉን ሲያስረክበኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ሞኙ ከመኪናው መለየቱ አሳዝኖት መሰለኝ። በኋላ ሳስበው ግን ያዘነው ለእኔ ሳይሆን አይቀርም።

ቀለሟ ነጭ ነበር፤ ማለቴ ሊብሬዋ ላይ ነጭ ይላል። የኪሎሜትር ቆጣሪዋ እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ደክሞት ቆሟል፤ ስንት አገር እንደዞረች ከራሷ በቀር የሚያውቅ የለም። የሾፌሩ ወንበር በሲባጎ፣ ማርሚታዋ በሽቦ ታስሯል። ክላክሷ የሚሠራው መሪው ወደ ግራ ሲዞር ብቻ ስለሆነ በቀኝ በኩል የሚመጣ ሰው በራሱ ዕድል ይተርፋል። ጠዋት ስትነሳ ሳል አላት፤ ሳሉ አዋሽ ሰባት ኪሎን ከዳር እስከ ዳር ይቀሰቅሳል። የሰፈሩ ሰው «አሮጊቷ» ብሎ ስም አወጣላት። እኔም መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ በኋላ እኔው ራሴ በዚሁ ስም እጠራት ጀመር።

መኪና የሚያምረኝ ሰው ሆኜ አይደለም። በአዋሽ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ፤ ቤቴ ከመሥሪያ ቤቴ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። አሮጊቷን የገዛሁት ለባለቤቴ ስል ነው። እሷ ነርስ ነበረች። በተጋባን በዓመቱ ምደባ መጣና ሰመራ ላኳት። ያኔ ሰመራ ዛሬ የምታዩት ከተማ አልነበረም። የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤት፣ የሾፌሮች ሻይ ቤት፣ አንዲት ክሊኒክ፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ድንጋይና የሚጋረፍ ነፋስ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ ገዋኔን፣ ሚሌን አልፎ እዚያ ለመድረስ ደህና መኪና ያለው ሰው ሙሉ ቀን ይፈጅበታል።

የዝውውር ማመልከቻ ይዤ ያልቆምኩበት በር የለም። አንዱ ቢሮ ውስጥ የነበረ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ካድሬ፣ «ጓድ፣ አብዮቱ ከሚስትህ አይበልጥብህም?» አለኝ። ጥያቄ መስሎኝ አፌን ስከፍት ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው ጎኔን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። አፌን ዘጋሁ። ያ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባለውለታዬ ነው።

የጭነት መኪና ሾፌሮች አንድ ሁለት ጊዜ አሳፍረውኛል። ኋላ ግን በየኬላው «ሰው ያለ ፈቃድ ጭነሃል» እየተባሉ ሲንገላቱ፣ ሲያዩኝ ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ። አልፈርድባቸውም። ስለዚህ ወይ መኪና መግዛት ወይ ትዳሬን በሰላምታ ማኖር ነበር ምርጫዬ። በአቅሜ የተገኘችው ደግሞ አሮጊቷ ናት።

አሮጊቷን በሕይወት ያቆያት አንድ ወሎዬ ነው። አዋሽ ውስጥ ሻይ ቤት ነበረው፤ ከሻይ ቤቱ ጓሮ ካለች ግራር ሥር ደግሞ መኪና ይጠግናል። «ሐጂ» የምንለው ገና መካ ሳይሄድ ነበር፤ «አላህ ሲፈቅድ እሄዳለሁ፣ እናንተ ቀድማችሁ ሐጅ አስደረጋችሁኝ» እያለ ይስቃል። መለዋወጫ የሚባል ነገር ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ሐጂ የተገለበጠ መኪና የት እንዳለ ሲሰማ እንደ ለቅሶ ደራሽ ፈጥኖ ይሄዳል። ከአንዱ ካርቡሬተር፣ ከሌላው ካንዴላ፣ ከሦስተኛው የመስኮት እጀታ እየነቀለ ያመጣል። አሮጊቷ ከመንገድ ዳር ከሞቱ መኪናዎች ሁሉ የተዋጣች ነበረች ማለት ይቻላል።

አንድ ጊዜ ገዋኔ አጠገብ ግመል ከፊቴ ገባ። አፋር አገር ግመል መግጨት ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሰው መሪ ሲያዞር አያመነታም። ወደ ግራ ሸሸሁ፤ ግመሉ ተረፈ፣ የአሮጊቷ የሾፌር በር ግን በአንድ ድልድይ ድጋፍ ተፋቀና ተጣመመ። ሐጂ ስንት ቀን ሲያፈላልግ ቆይቶ ከአንድ የተቃጠለ መኪና ላይ በር ነቅሎ አመጣ። ልክክ አለ። ችግሩ፣ በሩ አረንጓዴ ነበር፤ ያውም የቅል አረንጓዴ።

«ቀለም ሳገኝ ነጭ አረግልሃለሁ፣ አብሽር» አለኝ ሐጂ።

ያንን በር ይዤ ሰመራ የደረስኩ ቀን ባለቤቴ ከክሊኒኩ ደጃፍ ቆማ አየችኝና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ቀረብ ብዬ ስወርድ በሳቅ ብዛት ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«የሰርግ መኪና አስመስለሃት መጣህ!» አለችኝ።

«ሐጂ ቀለም ይፈልግላታል።»

«ተወው። አታስቀባው።» በሩን በመዳፏ ደባበሰችው። «በዚህ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ አቧራ ለብሶ አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ ከሆነ ገና ከሩቅ አውቅሃለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐጂ ጋር ስለ ቀለም አልተነጋገርንም።

እንግዲህ መልካሙን አወራሁ። መልካሙ ግን ጥቂት ነበር። እውነቱን ልናገርና አሮጊቷ ከባለቤቴ ጋር አገናኘችኝ ከማለት ከባለቤቴ ጋር አቃቃረችኝ ማለት ይቀላል። ሰመራ የምደርሰው ቅዳሜ አመሻሽ ነው፤ እሑድ ረፋድ ላይ መመለስ አለብኝ። አንዳንድ እሑድ ደግሞ ነዳጅ ይቆጠብ ተብሎ የቤት መኪና እንዳይነዳ ይከለከላል፤ ያኔ ሌላ ልመና፣ ሌላ ፈቃድ። ያቺኑ ጥቂት ሰዓት መኪናዋ ሥር ተጋድሜ አሳልፋታለሁ፤ ካልጠገንኳት መመለስ የለማ። ባለቤቴ መጀመሪያ መጀመሪያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ብሎን የሚጠራቀምበትን የቲማቲም ቆርቆሮ ትይዝልኝ ነበር። የቁልፎቹን ቁጥር አወቀች። «አሥራ ሦስት ቁልፍ» ስላት አሥራ ሦስት ታቀብለኛለች። ሁለታችንም በላብ ተጠምቀን፣ እኔ ከመኪና ሆድ ሥር፣ እሷ አጠገቤ ሆነን ስለ ሰፈር ወሬ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ታማሚዎቿ እናወራለን። ያንን እንኳ እንደ ደስታ እቆጥረው ነበር።

ኋላ ግን ቆርቆሮውን መያዝ ተወች።

የመጨረሻው ጉዞዬ ላይ ፍሪሲዮኑ አስቸግሮኝ ቅዳሜ ከደረስኩባት ሰዓት ጀምሮ ሥሯ ስንፏቀቅ አመሸሁ። ባለቤቴ ወጥ ሠርታ ጠራችኝ። «መጣሁ» አልኩ። ደግማ ጠራችኝ። «መጣሁ አልኩሽ እኮ!» አልኩ፤ ጮኼ ነበር። ስወጣ ወጡ ቀዝቅዞ እላዩ ላይ ቅባት ጋግሯል፤ እሷ ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች።

«አንተ የምትመጣው እኔን ልታይ ነው ወይስ የሷን ሆድ ዕቃ?» አለችኝ።

«እሷ ባትኖር እኔ እዚህ የምገኝ ይመስልሻል?»

«ከተገኘህ አይደል! እኔ ያገባሁት ከመኪና ሥር የሚወጣ እግር ነው።»

እኔም ትዕግሥት ከሚባለው ነገር ብዙ አልተሰጠኝም። ደክሞኛል፣ እጄ ተልጧል፣ መንገዱን አስባለሁ። «እንግዲያው ሙሉ ሰው የሆነ ሌላ ፈልጊ» አልኳት። ይኼ ከአፌ ወጣ። ጠዋት ስነቃ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ወደ ክሊኒኩ ሄዳለች፤ ደህና ሁን አላለችኝም። ላናግራት ክሊኒኩ በር ድረስ ሄጄ በታማሚዎች ተከባ አየኋትና ተመለስኩ። ያን ቀን መንገዱ አላልቅ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የቤንዚን ኩፖኔ አልቆ ወር አለፈ። ባለቤቴም በሾፌር ቃል መላኳን አቆመች። በፊት «በርበሬ ላክልኝ»፣ «ሳሙና ጨርሻለሁ»፣ «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኝ ነበር። ሾፌሮቹ ሐጂ ሻይ ቤት ሲወርዱ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ፤ እነሱ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

አንድ ሰኞ ግን ከአሰብ የመጣ አንድ ሾፌር ራሱ ፈልጎኝ ጣቢያው ድረስ መጣ።

«ሚስትህ ልካኝ አይደለም» ብሎ ጀመረ። ይቺ ቃል ገና ከመነሻው ወጋችኝ። «ካምፑ ውስጥ የሰማሁትን ነው። ከክሊኒኩ ሰዎች መርጠው ወደ ሰሜን ሊያዘምቷቸው ነው። ጦሩ ዘንድ። እሷም አለችበት። ሐሙስ ይነሳሉ ሲባል ሰምቻለሁ።»

ሰሜን ማለት ምን እንደሆነ ማንም አይነግረንም፤ ሁላችንም ግን እናውቃለን። ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ሰው ማን ሄዶ ማን እንደተመለሰ ያያል። ብዙ ነገር አልተመኘሁም፤ ላስቀራት እንደማልችል አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ «ሌላ ፈልጊ» ያልኩት ቃል ከእኔ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ሆኖ እንዳይቀር። ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ።

ሐጂና ሰፈርተኛው ኩፖን አዋጡልኝ። ማክሰኞ እኔ የይለፍ ወረቀቴን ሳስወጣ ሐጂ አሮጊቷን ሲጠጋግናት ዋለ። «ራዲያተሯ ቀጭን ሆኗል» አለኝ፤ «ብየዳው ሙቀት አይወድም። እየጠበቅህ ሂድ። ስትፈላብህ አትሟገታት፣ ቁም።» ያን ሰሞን ከአማቴ፣ ከሸዋ፣ በባቡር አንድ የጨርቅ ከረጢት መጥቶ ነበር፤ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ። የሰመራ ውሃ የልጇን ሆድ አስቸግሮት ስለነበር ለሆዷ ብላ ነው የላከችው። እሱን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ።

እስከ ገዋኔ አሮጊቷ ጨዋ ነበረች። ገዋኔ ስገባ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ተነሳ። ቆሜ ስከፍተው ከራዲያተሩ ሆድ ውሃ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። በአገራችን ኮፈን የከፈተ ሰው ብቻውን ሆኖ አያውቅም፤ ከየት እንደመጡ ያላየኋቸው ሰዎች ከበቡኝ፣ ሁሉም ሐኪም ሆነ።

«ሽሮ ጨምርበት!»

«ሽሮ ይሸታል፣ እንቁላል ነው ደጉ።»

«ትምባሆ ነው እንጂ! የኔ መኪና በትምባሆ ነው አሰብ የገባችው!»

እኔ ያለኝ ተልባ ነው። አንድ ሸምገል ያለ ሾፌር ከረጢቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ተልባማ ግሩም ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለጠፋል። አንድ ጭብጥ ይበቃሃል» አለኝ። አንድ ጭብጥ ጨመርኩ። ሞተሯን አስነስተን ስናይ ክሩ ወደ ጠብታ ተለወጠ፣ ጠብታውም ቆመ። የቆሙት ሁሉ አጨበጨቡ። እኔም ሊሰክር እንደተቃረበ ሰው ደስ አለኝ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። ግን እኛ ወጥ ሲቀጥን ዱቄት እየተጨመረ ሲወፍር እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ አንዱ ጭብጥ እንዲህ ካደረገ ሌላው ደግሞ ያጠነክረዋል ብዬ ደገምኩ። ሚሌ ስደርስ ውሃ ልጨምር ስከፍት ለጥንቃቄ ሠለስኩ። ከዚያም «ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ» ብዬ የከረጢቱን ቂጥ ገልብጬ አራገፍኩ። ለባለቤቴ ሌላ አስልክላታለሁ አልኩ።

ሚሌን አልፌ ወደ ሰመራ መንገድ ብዙም ሳልርቅ ሙቀት መለኪያው ቀዩን መትቶ ቀረ። የመንገዱን ቀኝ ይዤ ቆምኩ። በጨርቅ ክዳኑን ስከፍት ውሃ አልወጣም፤ ገንፎ ነው የወጣው። የተልባ ሽታ ያለው ወፍራም ገንፎ ቡልቅ ቡልቅ እያለ በሞተሩ ላይ ፈሰሰ። ውሃው ከላይ ወደ ታች የሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ተደፍኗል። ቀዳዳውን ብቻ አይደለም የደፈንኩት፣ ሁሉን ነው የደፈንኩት። በፀሐይ ላይ ቆሜ ራሴን በአማርኛ የሚገኘውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት።

ጥላ ስላልነበረ አንድ አፋር ከአሮጊቷ ጎን ያለችውን ቀጭን ጥላ ፈልጎ መጣና ቁጭ አለ። ጎልማሳ ነው፤ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ፣ የውሃ ስልቻው ጎኑ ላይ። መንገድ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ስለነበር አማርኛ ይሞክራል።

«ምን ሆነች?»

«ታማለች።»

«ምን በላች?»

«ተልባ» አልኩት። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ግን ከፊቴ አንብቦ ሌላ አልጠየቀኝም።

የታችኛውን ቱቦ ፈትቼ ገንፎውን በሽቦ እየጎረጎርኩ ሳወጣ ከሰመራ በኩል የጦር ኮንቮይ መጣ። በዚያ መንገድ ኮንቮይ ሁልጊዜ ነው፤ ለጦር መኪና ቀና ብሎ የሚያይ የለም፣ ደግሞም ቀና ብሎ ማየት አይመከርም። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እኔ የምፈልጋት ሐሙስ ነው የምትነሳው። ሸራ የለበሱት መኪናዎች እየተከታተሉ ሲያልፉ አቧራው እንደ ግድግዳ ቆመ፤ የተከፈተው ሞተር ውስጥ እንዳይገባ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ በደረቴ ከለልኩት። የመጨረሻዋ መኪና ስታልፍ አንድ የሚጮህ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ወታደሮች ይዘፍናሉ ብዬ ዞርም አላልኩ።

ኮንቮዩ ሄዶ፣ አቧራውም ረግቶ፣ እኔም ገና ገንፎ ስጎረጉር ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ከሚሌ በኩል የመጣ አንድ የጭነት መኪና አጠገባችን ቆመ፤ በዚያ መንገድ የተበላሸ መኪና አይቶ የማይቆም የሲቪል ሾፌር የለም። ከላይ አንድ ሌላ አፋር ወረደ፤ ፍየሎቹ እዚያ አካባቢ ናቸው መሰለኝ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ይቺማ ዛሬ አትነሳም። ና ውጣ፣ ሰመራ ላድርስህ። ኬላው ላይ ለእኔ ተወው» አለኝ።

አምላኬን አመሰገንኩ። ከውሃ ጀሪካኖቹ አንዱንም ሰጠኝ። ጃኬቴን ይዤ አንድ እግሬን የመኪናው መወጣጫ ላይ ሳኖር ከኋላዬ አንድ እጅ እጅጌዬን ያዘኝ። የኔው አፋር ነው።

«ቆይ። ዳጉ ነው» አለኝ።

ዳጉ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ቁጭ ይሉና አንዱ ያየውን የሰማውን ሁሉ፣ ምንም ሳይቀንስ ምንም ሳይጨምር ለሌላው ይነግራል፤ ያም በተራው። ከዚያ በፊት ሌላ ጉዳይ የለም። ሁለቱ መንገድ ዳር ተቀምጠው ያወራሉ፣ ሾፌሩ ክላክስ ያንባርቃል፣ እኔ አንድ እግሬ መሬት አንድ እግሬ መኪና ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ ልሂድበት፣ ቸኩያለሁ» አልኩት።

መዳፉን አነሳብኝ፤ እንደ ትራፊክ። ሰውየው የጀመረው ከዝናብ ነው። ቀጥሎ ሣር፣ ቀጥሎ የግመል ዋጋ፣ ቀጥሎ አሳይታ ውስጥ ማን እንደሞተ። የኔው እየቆራረጠ ይተረጉምልኛል፤ አሳይታ ስለሞተው ሰው ምን አገባኝ! ደሜ ፈላ። ሾፌሩም «አንተ፣ ትመጣለህ ወይስ ልሂድ?» አለ። ልወጣ ዘንበል ስል የኔው አፋር ፊቱ ተለወጠ። ዞር ብሎ የአሮጊቷን በር አየ። እኔን አየ።

«ሚሌ ላይ ወታደር ቆሟል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ምሳ ይበላል» አለኝ። «ነጭ የለበሰች ሴት ከወታደር መኪና ወረደች። ሾፌሩን ሁሉ ትጠይቃለች። አረንጓዴ በር ትላለች። ነጭ መኪና፣ አረንጓዴ በር። ባሌ ነው ትላለች። ታለቅሳለች። ወታደር ይዞ መልሶ ጫናት። ሾፌሮቹ አያውቁም አሏት።» ከዚያ እጅጌዬን ለቀቀ። «አሁን አለቀ። ሂድ።»

የጭነት መኪናው ወደ ሰመራ፣ ባለቤቴ ሚሌ። እግሬን አወረድኩ። የሰማሁት ጩኸት የማን እንደነበረ ገባኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ነው ያለፈችው።

ሾፌሩን አመስግኜ አሰናበትኩት፤ ወደ ሚሌ የሚመልሰኝ ሌላ መኪና መቼ እንደሚመጣ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ኮንቮዩም አይጠብቀኝም። በጀሪካኑ ውሃ ገንፎውን አጠብኩት። ገንፎው ሲወጣ ቀዳዳውም ተከፈተ፤ ውሃው እንደ ቧንቧ መፍሰስ ጀመረ። አሮጊቷን አስነስቼ አዞርኳት። አፋሩ ሳይጠየቅ ገብቶ ጎኔ ተቀመጠ። ጥቂት እንሄዳለን፣ ቆመን ውሃ እንጨምራለን፣ ጥቂት እንሄዳለን። ጀሪካኑ አለቀ። አፋሩ ስልቻውን አነሳ።

«ይኼ የምትጠጣው ነው፣ ለብረት አይሆንም» አልኩት።

«ለብረት አይደለም። ለሴትዮዋ ነው» አለና አፈሰሰው። በዚያ አገር፣ በዚያ ሰዓት የውሃ ስልቻ ማራገፍ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም።

የስልቻውም ውሃ ሲያልቅ ሐጂ ያለኝ ትዝ አለኝ፤ «ስትፈላብህ አትሟገታት፣ ቁም።» አልቆምኩም። የሚሌ ቆርቆሮዎች ሲያብረቀርቁ ይታየኛል። ሞተሩ መጀመሪያ ማንኳኳት፣ ከዚያ መጮህ፣ ከዚያ እንደ ሰው ማቃሰት ጀመረ። የተቃጠለ ዘይት ዓይኔን ለበለበኝ። ዳሽቦርዷን እየደበደብኩ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እናቴ» እላታለሁ። ከተማዋ መግቢያ ላይ፣ የኮንቮዩ የመጨረሻ መኪና ከፊቴ እየታየኝ፣ ጓ ብላ ቆመች። ሞተሩ ነከሰ፤ ብረት ከብረት ተጣበቀ። በሩን ክፍት ትቼ ሮጥኩ።

ባለቤቴ ከመጨረሻዋ መኪና ኋላ፣ ስፖንዳው ተከፍቶ፣ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች። በሩን ሳታየው አልቀረችም፤ እኔ ስደርስ ቆማ ነበር። አንድ መቶ አለቃ መንገዴን ዘጋ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ባለቤቴ ናት» አልኩ።

ልብሴን አየ፣ እጄን አየ፣ ከኋላዬ የሚጨሰውን አየ። «እስክንነሳ ብቻ» አለና ፊቱን አዞረ። እሱንም አልረሳውም።

መንገዱን ሁሉ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ። ይቅርታ፣ ያ ቃል፣ ሌላም ሌላም። አንዱም አልመጣልኝ አለ። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ከግንባሬ ላይ ዘይት ትጠርጋለች።

«እናቴ ተልባ እልካለሁ ብላኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ደርሷል?»

«ደርሷል።»

«ታዲያ የታለ?»

«አሮጊቷ ጠጣችው።»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ያንን የበሩ ቀን የሳቀችውን ሳቅ፣ ስፖንዳውን ይዛ፣ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወታደሮቹ ዞረው አዩን። እኔም ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ነገር ያዘኝ።

«ሆዷን ተሻላት?»

«አልተሻላትም። ሞተች። ሞተሩ ነከሰ።»

ሳቋ ቆመ። አንገቷን አሻግራ መንገዱ መሐል የምትጨሰውን መኪና አየች፤ እንደገና እኔን አየች። «አውቀህ?»

«ካልነዳኋት አልደርስብሽም ነበር።»

እጄን፣ ያንን የተላጠና ዘይት የጠጣ እጄን አንስታ ጉንጯ ላይ አስቀመጠችው። ፊሽካ ተነፋ። ሞተሮች ተነሱ። አንድ ወታደር ስፖንዳውን ሲያነሳ ከላይ ሆና ጎንበስ አለች።

«በሩን ቀለም እንዳታስቀባው» አለችኝ።

ኮንቮዩ ወደ ደሴ መታጠፊያው ዞረ። እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። አፋሩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ስልቻውን ሻይ ቤት አስሞልቼለት ተሰነባበትን፤ የዚያን ቀን ነገር እሱም ለሚቀጥለው ሰው በዳጉ ሳይነግረው አይቀርም።

አሮጊቷን የሐጂ ወዳጅ የሆነ ሾፌር ወደ አዋሽ ጎትቶ አመጣት። ሐጂ ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተ። «ወላሂ፣ ይኼ ተልባ ነው» አለና፣ ፊቴን ሲያይ ሌላውን ዋጠው። ሞተሩ ለምንም አልሆነም። አካሏን እየፈታ፣ በተራዋ ለሌሎች መኪናዎች አከፋፈላት። በሩን ግን አስቀረሁት።

ከዘመቱት አንዳንዶቹ ተመለሱ። ባለቤቴ አልተመለሰችም። ሞታለች ያለኝ የለም፣ አለች ያለኝም የለም፤ ከአሰብም ከደሴም የሚመጣውን ሾፌር ስጠይቅ ኖሬያለሁ። መንግሥትም ተለወጠ፤ ቤቴን አልለወጥኩም። በሩን በአጥሬ ላይ፣ በዋናው መንገድ በኩል፣ ሐጂ በማጠፊያ ገጠመልኝ። የመኪና በር በአጥር ላይ ሲያዩ አላፊ አግዳሚው ይስቃል፣ አንዳንዱም አብዷል ይላል። ይበል። ፀሐዩ ሲያደበዝዘው ያንኑ የቅል አረንጓዴ ፈልጌ እደርብበታለሁ እንጂ ሌላ ቀለም አላስነካሁትም።